በቀይ ክር የተሰፋው ወንበር

ይህ ነገር ከገጠመኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ከባለቤቴ ሌላ ለማንም በሙሉ አውርቼው አላውቅም። አሁን የምጽፈው አንድ ጊዜ አውጥቼ ካልተናገርኩት እንደማይለቀኝ ስለገባኝ ነው። ደግሞም ቢሮ ተቀምጦ "ሌላ ቀን ይምጡ" የሚል ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ።

የምሠራው ቦሌ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። ክፍሌ ፋይናንስ ነው። እኛ ጋ አንድ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ለመሻገር ፊርማ፣ የስም ቲተርና ማህተም ይፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ ይስቃል። "ቆይ፣ ትለምደዋለህ" እንለዋለን። እውነትም ይለምደዋል።

ከሥራዬ አንዱ ክሊራንስ መፈረም ነበር። ድርጅቱን የሚለቅ ሰው ዕዳም ሆነ የመሥሪያ ቤት ንብረት እንደሌለበት በየክፍሉ ዞሮ ያስፈርማል። ሠራተኛው ሞቶ ከሆነ የሚዞረው ቤተሰቡ ነው። የመጨረሻዋ ፊርማ የእኔ ናት። እሷ ካልሰፈረች የመጨረሻ ደመወዙም፣ የቁጠባ ገንዘቡም፣ የጡረታ ወረቀቱም አይንቀሳቀስም። እውነቱን ልናገርና በዚህች ፊርማ እኮራ ነበር። "መሠረት ጋ ወንፊት አለ፣ አያሳልፍም" ሲሉኝ እንደ ሙገሳ እወስደው ነበር።

ጋሽ ቶላ የቫውቸር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የቫውቸር ክፍል ማለት የከፈልንበት ወረቀት ሁሉ በገመድ ታስሮ የሚቀመጥበት፣ በፎቃችን መጨረሻ ያለ አቧራማ ክፍል ነው። ትውልዳቸው ቦሌ ቡልቡላ ነው። አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። "አባቴ ጤፍ የዘራበት አሁን ሰው በቅሎበታል" እያሉ ይስቁ ነበር። የስንት ዓመት ወረቀት ብትጠይቋቸው ሳይሳሳቱ መዘው ያወጣሉ። ከዚህ ውጪ ስለ እሳቸው የማውቀው ትንሽ ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

እኔ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የተዛወርኩት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ እግሩ አጠር ያለ የእንጨት ወንበር ጠበቀኝ። ወገቤ ለሁለት የተቆረጠ እየመሰለኝ ዋልኩ። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ግን የእንጨቱ ወንበር የለም። በቦታው ጎማ ያለው፣ ጀርባው ረጅም የሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ቆሟል። ንብረት ክፍል አዝኖልኝ የላከልኝ መሰለኝ። ማታ ለባለቤቴ "ዋናው መሥሪያ ቤት እኮ ሌላ ነው!" ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት።

ወንበሩ አዲስ አልነበረም። የቀኝ እጀታው ቆዳ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ግን ጥቅጥቅ ያለና ቀጥ ያለ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት ነበር። ሳስብ በጣቴ እሱን መደባበስ ልማድ ሆነብኝ። ለወሊድ እስክወጣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወልጄ ስመለስም ቦታው ላይ ነበር። እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ማን ሰጠኝ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ጋሽ ቶላ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው በግንቦት መጨረሻ በድንገት ታመው በሳምንቱ አረፉ። ቢሮው አዋጥቶ ለቅሶ ደረሰ። እኔ አልሄድኩም። የበጀት መዝጊያ ደርሶ ሥራ በላዬ ላይ ተከምሮ ነበር። ያዋጣሁትን ብር ለጸሐፊያችን ሰጥቼ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

በሐምሌ፣ ዐርባቸው ካለፈ በኋላ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የክሊራንሱን ቅጽ ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከጎሮ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር የመጨረሻውን በእግራቸው አዝግመው ነው የመጡት። ጫማቸው ጭቃ ነበር። ተቀመጡ አላልኳቸውም፤ መቀመጫም አልነበረም። እኛ ጋ በጠረጴዛ ፊት ለባለጉዳይ ወንበር አይቀመጥም። ወንበር ካገኘ ቶሎ አይሄድም የሚል የቆየ ብልሃት ነው።

ቅጹን አየሁት። ሁሉም ክፍል ፈርሟል። ንብረት ክፍል ብቻ "አንድ ተሽከርካሪ ወንበር አልተመለሰም" ብሎ ከነመለያ ቁጥሩ ጽፎበታል። የቁጥሩ መጨረሻ 417 ነበር።

"እማማ፣ ይሄ ወንበር ካልተመለሰ ወይም ካልተከፈለ መፈረም አልችልም" አልኳቸው።

"ቤት ውስጥ ምንም ወንበር የለም ልጄ። መጥታችሁ እዩ።"

"ቤት መፈተሽ የእኛ ሥራ አይደለም። ባለፈው ዓመት ቆጠራ ላይ ወንበሩ ነበር። በዘንድሮው ቆጠራ ክፍላቸው ውስጥ የተገኘው ቁጥር የሌለው የእንጨት ወንበር ነው። በመሃል የት እንደሄደ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።"

ይህን ስል ያለፈውን ዓመት የቆጠራ ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። "አለ" የሚለው ምልክት ጎኑ ላይ ተደርጓል፤ ከታች ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነበር። በዚያ ዓመት የፎቃችን የቆጠራ ኮሚቴ አባል ነበርኩ።

እንዴት እንደቆጠርኩ ግን አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ቫውቸር ክፍል ስደርስ አቧራው ያስነጥሰኛል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። "ጋሽ ቶላ፣ ወንበር አለዎት?" አልኩ። "ወንበርማ አለኝ ልጄ" አሉ ከመደርደሪያው ኋላ ፈገግ ብለው። ምልክቴን አድርጌ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ። ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ እኔ ከበሩ ነበር ያየሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንቆጥረው። ወንበር ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር የሚያይ ሰው ካለ ሥራ ፈት ነው ይባል ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ "ቶላ እንዲህ አያደርግም" ብለው ሄዱ። እኔም በመመሪያው መሠረት ደብዳቤ አዘጋጀሁ፤ "ሠራተኛው በስማቸው የተመዘገበ ንብረት ሳይመልሱ…" የሚል። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዱን ለሰው ኃይል፣ አንዱን ለንብረት ክፍል፤ የሁለቱም ግልባጭ በግል ማህደራቸው ገባ። ቁጥሩን በዚያው በቃሌ ያዝኩት።

በሳምንቱ ዝናብ እየዘነበ ተመልሰው መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት የካርቶን ክምር ስለነበር ዞረው በቀኝ ጎኔ ቆሙ። መናገር ሲጀምሩ በመሃል አቋረጡ። ቀና ስል እጄን እያዩ ነው። እኔም እንደ ልማዴ የእጀታውን ስፌት እየደባበስኩ ነበር።

"ልጅ አለሽ?" አሉኝ።

"አለኝ፣ አንድ ወንድ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድስት ሊሞላው ነው።"

"ያሳድግልሽ" አሉ። ከዚያ ስለ ወንበሩ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ቅጻቸውን አጥፈው ወጡ። ሊላመዱኝ ነው አልኩ በሆዴ። ጉዳይ ያለው ሰው ስለ ልጅ መጠየቁ የተለመደ ነው። እኔን በዚህ የሚያልፉኝ መሰላቸው እንዴ ብዬ ተበሳጨሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጡ። በመጡ ቁጥር መጀመሪያ "ልጅሽ ደህና ነው?" ይላሉ። "ደህና ነው" እላለሁ። ከዚያ ቆመው ያዩኛል፤ አንድ ነገር እንድላቸው የሚጠብቁ ይመስላል። እኔ የምላቸው አንድ ብቻ ነበር። "እማማ፣ እባክዎ ከፍለው ይገላገሉ።"

ወንበሩ ስላረጀ በእኛ መዝገብ ላይ ዋጋው አንድ ብር ብቻ ነው። ሲጠፋ የሚከፈለው ግን የዛሬው የገበያ ዋጋ ነው። ይህንን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ሳላፍር አስረዳኋቸው።

በአራተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ያልጠበቅኩትን መለሱልኝ።

"ብሩን ተበድሬም ቢሆን አመጣዋለሁ ልጄ። ከከፈልኩ ግን ቶላ ወስዷል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ወረቀት ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሲሞት ወንበር ሰርቆ ነው የሄደው ይባል?"

"ማንም ሰረቁ አላለም። አልተመለሰም ነው የተባለው።"

"ልዩነቱን አንቺ ጎሮ መጥተሽ ለጎረቤቶቼ ንገሪያቸው" አሉኝ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። እኔም ስልክ የተደወለልኝ አስመሰልኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ ገንዘቡን ይዘው መጡ። በመሐረብ ጠቅልለውታል። ወይዘሮ አስካለ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቻቸው አንዱን ሸጠው ነው ያመጡት። ለመስከረም ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነበር። ይህንን የነገሩኝ ለቅሬታ አልነበረም። "ትንሽ የዘገየሁት የሚገዛኝ አጥቼ ነው" ለማለት ያህል ነው የተናገሩት።

እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። ፋይሉ ሊዘጋ ነው። ገንዘብ ያዡ እንዲቀበላቸው ማዘዣ መጻፍ ጀመርኩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "የምከፍልበት ወንበር ምን ዓይነት ነው? ለማወቅ ያህል።"

"ይሄው፣ እንደዚህ እንደተቀመጥኩበት ያለ ነው።"

"ቁጥሩ የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?"

"ከሥሩ ነው፤ በነጭ ቀለም።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

ተነፈስኩ። ከኋላቸው ሌላ ባለጉዳይ ቆሟል። ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ ተነሳሁና ወንበሬን በጎኑ አጋደምኩት። "ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ…" ብዬ ጣቴን ስጠቁም አቧራ ሸፍኖታል። በወረቀት ጠረግ አደረግኩት።

417።

መጀመሪያ አልገባኝም። ይህን ቁጥር የት ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ አየሁ፣ የወንበሩን ሥር አየሁ፣ እንደገና ቅጹን አየሁ። በቢሮው ውስጥ ሌላ ማንም ምን እንደሆነ አልገባውም። የባልደረቦቼ ካልኩሌተር ሲንኳኳ ይሰማል።

ወይዘሮ አስካለ አልደነገጡም። ጎንበስ ብለው የቀኙን እጀታ ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

"ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበር" አሉ።

"የምን ክር?" አልኳቸው።

"የእጀታውን ልብስ ፈቶ ቤት አመጣልኝ። ጥቁር ክር አልቆብኝ በቀይ ሰፋሁለት። እንደ ልጆች መጫወቻ አደረግሽው ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንድ ማታ መጣና፣ ከቅርንጫፍ አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ መጥታ የእንጨት ወንበር ሰጧት፣ በጠዋት ገብቼ በእኔ ቀየርኩላት አለኝ። ንገራት እንጂ ስለው፣ ካወቀች ትመልስልኛለች፣ ተይ አለኝ።"

"እሳቸውስ?" አልኩ።

"እሱማ የአንቺን የእንጨት ወንበር ወሰደ። ወገቡን ያመው ነበር። ማታ ማታ በሙቅ ውኃ ጨርቅ ነክሬ እይዝለት ነበር። ወንበርህን አስመልስ ስለው፣ አሁን ወልዳ ታጠባለች ይለኛል። ልጁ ሲያድግ ደግሞ፣ እሷ ለምዳዋለች፣ እኔ ልወጣ ምን ቀረኝ ይለኛል።"

"ወንበርማ አለኝ ልጄ" ብለው ፈገግ ያሉበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ሁለት እርምጃ ብገባ ኖሮ የእንጨቱን ወንበር አየው ነበር።

"ታዲያ እንዴት ዝም አሉኝ?" አልኳቸው። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። "ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ እኮ…"

"የመጀመሪያ ቀን አላየሁትም። በሁለተኛው ነው ክሩን ያየሁት። የልጅሽን ዕድሜ የጠየቅኩሽ ለዚያ ነው። ያወቅሽ መስሎኝ ነበር ልጄ። አውቀሽ፣ ሥራሽን ፈርተሽ ዝም ያልሽ። የልጅ እናት ናት፣ ምን ታድርግ አልኩ። እሱ በእጁ የሰጠውን እኔ በሰው ፊት ልንጠቅሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። ራስሽ እስክትናገሪ ጠበቅኩ። ዛሬ ግን ብሩን ቋጥሬ ስመጣ አቃተኝ፤ አንዴ ብቻ ልጠይቃት አልኩ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማዘዣውን ቀድጄ ወደ ዳይሬክተራችን ወደ አቶ ግርማ ክፍል ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም። ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ አባት መከሩኝ።

"መሲ፣ ወንበሩ ክፍሉ ውስጥ ሲፈለግ ተገኘ ብለሽ አንድ መስመር ጻፊና ዝጊው። ሴትዮዋም ወረቀታቸውን ያገኛሉ። ቆጠራውን ከነካካሽ ግን የሐሰት ቆጠራ ነው የሚባለው፤ ኦዲት ይመጣል። የቡድን መሪነት ዕድገትሽ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።"

ምክሩ መጥፎ አልመሰለኝም። ሴትዮዋ ገንዘባቸውን ያገኛሉ፣ እኔም አልነካም። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን "ሲፈለግ ተገኘ" ከተባለ በጋሽ ቶላ ማህደር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ደብዳቤዎቼ ምን ይሆናሉ? ወንበሩን አንድ ቦታ ደብቀውት የተገኘ ነው የሚመስለው። የሰውየው ስም እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

በመስታወቱ በኩል ወደ ጠረጴዛዬ አየሁ። ወይዘሮ አስካለ ያጋደምኩትን ወንበር አቁመውታል። አልተቀመጡበትም። በነጠላቸው ጫፍ የመቀመጫውን አቧራ እየጠረጉ ነበር።

"ጋሼ፣ እንደሆነው ነው የምጽፈው" አልኳቸው።

"ያንቺ ጉዳይ ነው" አሉኝና ስልካቸውን አነሱ።

አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ወንበሩ ስድስት ዓመት ገደማ እኔ ጋ እንደነበረ፣ ጋሽ ቶላ ራሳቸው ለእኔ እንደሰጡኝ፣ እሳቸው በቁጥር የለሽ የእንጨት ወንበር እንደሠሩ፣ ያለፈውን ዓመት ቆጠራ ከበር ላይ ቆሜ እንደሞላሁ፣ በማህደራቸው የገቡት ደብዳቤዎች ስህተት እንደሆኑና ስህተቱ የእኔ እንደሆነ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ "እኔ" የሚል ቃል የጻፍኩበት የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነበር። እኛ ሁልጊዜ "መምሪያው" ነው የምንለው።

ንብረት ክፍል መጥቶ ቁጥሩን እስኪያረጋግጥ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አስካለ ሲመጡ ወንበሬን ስቤ ከጠረጴዛው ፊት አደረግኩላቸው። "ይቀመጡ" አልኳቸው። መጀመሪያ እንቢ አሉ። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እኔ ቆሜ ፈረምኩ። ቲተሬን መታሁ። እሳቸው ወረቀቱን አላዩትም፤ እጃቸው እጀታው ላይ ነበር።

ሲወጡ እስከ ታችኛው በር ሸኘኋቸው። የሸጡትን የስፌት መኪና እኔ ላስመልስ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ቀድመው ጠይቀው ነበር፤ የገዛው ሰው አልመልስም ብሏቸዋል። ሌላ ልግዛልዎ አልኳቸው፤ "ተይ ልጄ፣ አንዱ ይበቃኛል" አሉኝ። ያን መስከረም በአንድ መኪና ስንት ዩኒፎርም እንደሰፉ፣ ስንቱን ደንበኛ እንደመለሱ አላውቅም። መጠየቅ ደፍሬ አላውቅም። የታክሲው ረዳት "ገርጂ፣ ጎሮ!" እያለ ሲጣራ ዞር ብለው "ልጁን ሳሚልኝ" አሉኝና ገቡ።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ዕድገቱም ለሌላ ሰው ሆነ። አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው፤ ተከፍቻለሁ። ወንበሩን ንብረት ክፍል ወስዶ ከሚወገዱ ዕቃዎች ጋር ግቢው ውስጥ ቆለለው። ያ ሁሉ የተባለለት ወንበር እዚያ ዝናብ ሲመታው በመስኮት አያለሁ። ልግዛው ብዬ አመለከትኩ፤ በጨረታ እስኪወጣ ጠብቂ ተባልኩ። እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው።

ከማህደር ወረቀት አይወጣም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ደብዳቤዎቼ አሁንም በጋሽ ቶላ ፋይል ውስጥ ናቸው። የመጨረሻው ደብዳቤዬ ግን ከላያቸው ታስሯል። ፋይሉን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንዳንድ ጊዜ ምክንያት ፈልጌ መዝገብ ቤት እገባና አሁንም ከላይ መሆኑን አይቼ እመለሳለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አራት ሳምንት ያህል ወይዘሮ አስካለ እያወቀች የምትክድ ሰው አድርገው ሲያስቡኝ እኔ አልሰማሁም። የሚከነክነኝም ወንበሩ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውም አይደለም። እንዲያ እያሰቡኝ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልጄ ደህንነት መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ጥያቄ እንደ መማለጃ ቆጥሬባቸዋለሁ። ልጄ አሁን ሰባት ዓመት አልፎታል። ገና በሆዴ ሳለ የደረሰለትን ሰው አንድ ቀን በደንብ እነግረዋለሁ።

አሁን በቆጠራ ጊዜ ወንበር ሁሉ እገለብጣለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከቫውቸር ክፍል ያንን አንድ እግሩ አጠር ያለ የእንጨት ወንበር አምጥቼ ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ አደረግኩበትና ከጠረጴዛዬ ፊት አስቀመጥኩት። ባለጉዳይ ይቀመጥበታል። አንዳንዱ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ያወራል፣ ሥራ ያስፈታል፤ ያውራ።

በየዓመቱ የቆጠራ ኮሚቴ ሲመጣ ያ ወንበር ቁጥር ስለሌለው ይቸገራል። "ይሄ የማን ነው?" ይሉኛል። "የጋሽ ቶላ ነው" እላቸዋለሁ። "እሳቸው እኮ ክሊራንስ ጨርሰዋል" ይሉኛል።

እሳቸውማ ጨርሰዋል። የእኔ ነው ገና ያላለቀው።